ሁለቱም ሽቦዎች የነቁበት ቤት

ያ ነገር የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም። ልጄ ስትጠይቀኝ አንዴ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን እላታለሁ፤ እሷም «አባባ፣ ባለፈው እንዲህ አላልክም» ብላ ትስቅብኛለች። ሙቀቱ የበረታበት ወራት እንደነበረ፣ ሐጅም እንደተቃረበ ግን አውቃለሁ፤ መርዶውን የሰማሁት መካ ላይ፣ የሐጃጆች ማረፊያ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ ነውና። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩም አላስታውስም።

አሁን ሥራ አቁሜያለሁ። ማንም አላባረረኝም፤ ያባረሩኝ ጣቶቼ ናቸው። ትንሿን ብሎን መያዝ አቃታቸው፤ ዓይኔም ቀዩን ሽቦ ከቡናማው መለየት ተሳነው። በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ደግሞ «ይመስለኛል» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ካቻቢቴዬንና ፒንሳዬን ለአማቼ ሰጥቼ፣ መካ መንሱር ሰፈር ልጄ ቤት በር ላይ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ ጀመርኩ። እዚያም ቢሆን አይተዉኝም።

«ዓም ሰይድ፣ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን። በገመድ ወደ ላይ ብናስረውስ?» ይሉኛል።

«ይወርዳል እንጂ ምን ያርግ! ከበደኝ እያላችሁ እኮ ነው። አፉን ከምታስሩት ሸክሙን ቀንሱለት» እላቸዋለሁ።

ስቀው ይሄዳሉ። የሚሰማኝም አለ፣ የማይሰማኝም አለ። እንግዲህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ያለፈውን ያስባል፤ ልጄም «የምታስበውን ጻፈው» አለችኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

የሐይቅ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት ለቤት መብራት የሚያስገባ አንድ ባለሙያ ዘንድ ሽቦ እየጎተትኩ፣ ግድግዳ እየቦረቦርኩ ሙያውን ለቃቀምኩ። ከዚያ ባሕር ተሻገርኩ። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ስለ ኢቃማ፣ ስለ አሠሪ ዋሱም ስለ ከፊል ብጽፍ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያልኖረም ባያውቀው ይሻለዋል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ባሕራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጋራዦቹ መሀል፣ የውሃ ፓምፕ የሚጠግንና ለየቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚልክ ሱቅ ነበረ። አሠሪያችን አቡ ሳሊም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ «ያላ! ያላ!» ነው። ምሳ ስንበላ እንኳ ከበላያችን ቆሞ «ያላ» ይለን ነበር፤ እንጀራው የሚያመልጥ ይመስል።

ዓም ያሲንን ያገኘሁት እዚያ ነው። «ዓም» እዚህ ለታላቅ ሰው የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው መካ ተወልደው መካ አርጅተዋል። አማርኛቸው በቤት ውስጥ ታሽጎ የቆየ ነበር፤ እኛ የረሳናቸው ቃላት እሳቸው ዘንድ አሉ፣ በየመሀሉ ግን ዐረብኛው ይገባበታል። ልጆቻቸውን በአማርኛ ይጣራሉ፤ ልጆቹ በዐረብኛ ይመልሳሉ። እሳቸውም እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ዓም ያሲንን ሥራ ላይ ያየ ሰው ሶላት ላይ ያሉ ይመስለው ነበር። ማጥፊያውን ካጠፉ በኋላ ቴስተራቸውን መጀመሪያ መብራት ባለው ሶኬት ላይ ይሞክሩታል። በውስጡ ያለችው ትንሽ መብራት ስትበራ «ደኅና ነሽ» ይሏታል። ከዚያ የሚሠሩበትን ሽቦ ይነካሉ። ጨለማ ሲሆንም ወዲያው እጃቸውን አይሰዱም፤ ተመልሰው ደግመው በሶኬቱ ይሞክሯታል።

«ዓም ያሲን፣ አሁን ሞክረዋት አልነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«በመሀል ሞታ ቢሆንስ ያ ወለዲ፣ ልጄ? የሞተ ምስክር ይዘህ ዳኛ ፊት ትቀርባለህ?»

ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ከጀርባቸው ነበር። በአንድ እጅህ ብትነካ ወደ እግርህ ይወርዳል፣ በሁለት እጅህ ብትይዝ ግን በልብህ በኩል ነው የሚያልፈው ይሉ ነበር። የሞቀ ግድግዳ ሲፈልጉም በእጃቸው ጀርባ ይዳብሳሉ፤ መዳፍ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። የተላጠ ሽቦ በናስትሮ ጠቅልለው የሄዱበትን ቀን አላውቅም። «ናስትሮ ቁስሉን ይሸፍነዋል፣ አያድነውም» ብለው ሽቦውን ቆርጠው ይቀይሩታል። ዛሬ የሴት ልጆቻችን ማደሪያ ውስጥ አንድ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ፣ በማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ፣ በዚያ ላይ ምድጃና ኤሲ ተሰክቶ፣ ገመዱ በምንጣፍ ሥር አልፎ ሳይ የእሳቸው ድምፅ ይሰማኛል፦ «ሽቦ ሲተነፍስ እንጂ ሲታፈን አይኖርም።»

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሥራ ሲጨርሱ የቤቱን ጌታ አይጠሩም። በሩ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ «እጇ ውሃ የሚነካውን ሴት ጥሩልኝ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የምትመጣው የእኛ አገር ሠራተኛ ናት። የትኛው ብሬከር የምን እንደሆነ፣ በእርጥብ እጅ ምን እንደማይነካ፣ የልብስ ማጠቢያውን ስትነካው ነዘር ካደረጋት ነቅላ መተው እንዳለባት ለእሷ ይነግሯታል። «ጌታው ኤሌክትሪክን በወሬ ያውቀዋል፤ እሷ በጣቷ ናት የምታውቀው» ይላሉ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። እኛ አገር ወደ ሶኬት ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይተኛል። የሚመታውን ፌዝ፣ የሚተኛውን ኒውትራል እንላለን። ፌዙን አጥፍተህ ትሠራለህ። እዚህ በድሮዎቹ ቤቶች ግን ለአምፖሉ እንደዚያ ቢሆንም፣ ለከባዱ ዕቃ፣ ለኤሲና ሰዉ ሰኻን ለሚለው የውሃ ማሞቂያ የሚገቡት ሁለቱም ሽቦዎች የሚመቱ ናቸው። አንዱን ብቻ ብታጠፋ ዕቃው ይቆማል። ቆመ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ለሁለቱ ሽቦዎች አንድ እጀታ ያለው ጥንድ ብሬከር የሚገባው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውን ይዞት ይወርዳል። እዚህ ተወልዶ ሙያውን የተማረ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። የሚሳሳተው ሙያውን ከአገሩ ይዞ የመጣው ነው፤ ጣቱ የለመደው ሌላ ነውና።

ከማል ወደ ሱቃችን የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ፣ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና የሠራ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የፈጠነ። እኔና እሱ ባሕራ ላይ አንድ ክፍል ተጋርተን ነበር የምንኖረው። እሱ እያለ ኩርፊያ ደጃችንን አይረግጥም።

«ዓም ያሲን፣ እርስዎ ሽቦን እንደ እባብ ነው የሚፈሩት» ይላቸዋል።

«እባብስ ደግ ነው። ይንቀሳቀሳል፣ እፍ ይላል፣ ትሸሸዋለህ። ይኼ ዝም ብሎ ተኝቶ ነው የሚጠብቅህ።»

«የኮምቦልቻ መብራት ግን ሥርዓት አለው፤ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይተኛል።»

«ሹፍ ያ ከማል፣ ስማኝ። እዚህ ሁለቱም ነቅተው ነው የሚያድሩት።»

«እሺ ዓም ያሲን፤ ሁለቱንም አስተኛቸዋለሁ። እሹሩሩ እላቸዋለሁ!»

እንስቃለን። ሽማግሌውም ይስቃሉ። ነግረውታል፤ ሰምቷል። አሠርተው አሳይተውታልም፤ እኔ ምስክር ነኝ። ግን ጆሮ የሰማውን ጣት እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ነው አላህ ያልሰጠው።

የዓም ያሲን ደንብ ሁለት ሆኖ መሄድ ነበር። ሐጅ ሲቃረብ ግን ሥራው በዛ። አቡ ሳሊም እኔንና ዓም ያሲንን መካ ላይ የሐጃጆችን ማረፊያ እንድንፈትሽ ላከን፤ ከማልን ደግሞ ብቻውን ጅዳ፣ ሰኻኑ የተበላሸበት አንድ የድሮ ቤት ሰደደው። «የአንድ ሰው ሥራ ነው፣ ያላ!» አለ። ዓም ያሲን መኪናው ውስጥ ሆነው «አንድ ሰው መላክ እኮ ደንብ አይደለም» ብለው አጉረመረሙ። መኪናው ሄደ።

እዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። እዚያው ሆና ከሰማችው ሰው አፍ ነው የሰማሁት፤ ስለዚህ እሷ እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

በዚያ ቤት የብሬከሮቹ ሳጥን ከኩሽናው አጠገብ፣ በሴቶቹ ወገን ባለው መተላለፊያ ላይ ነው። የተበላሸው ሰኻን ደግሞ በእንግዳ መቀበያው በኩል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ባዕድ ወንድ ወደ ሴቶቹ ወገን አይገባም። ይህ የታወቀ ነው፤ እኛም ዕድሜ ልካችንን በዚሁ ሠርተናል። ሠራተኛው በወንዶቹ በኩል ሆኖ በበር ይጣራል፤ ከውስጥ ያለ ሰው ያጠፋለታል። ቤት ውስጥ ወንድ መኖር ስላለበት የቤቱ ወጣት ልጅ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። በመተላለፊያው በኩል ያለችው ሠራተኛዋ ናት፤ የከሚሴ ልጅ።

ከማል በዐረብኛ ተጣራ፦ «ያ ቢንት፣ ሰኻን የሚለውን አጥፊው!»

ልጅቱ ዐረብኛ ማንበብ የቻለችው ቁርኣን በመቅራቷ ነው። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ሰኻን የሚለውን አገኘችና አወረደችው። ከአነጋገሩ የአገሯ ሰው እንደሆነ ስላወቀች በአማርኛ መለሰችለት፤ «ጠፍቷል፣ ወንድሜ።»

«ኧረ! የኛ ልጅ ነሽ እንዴ? ከየት ነሽ?»

«ከከሚሴ።»

«ከሚሴ! እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ጎረቤት አይደለንም እንዴ! ታዲያ የከሚሴ ሰው ያለ ወተት እንግዳ ይቀበላል?»

«ማዳምን ልጠይቅልህ?» አለችውና ሳቀች። እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ድምፅ አውጥታ መሳቋ የመጀመሪያዋ እንደነበር ነግራኛለች። እሱም ከወዲያ ሲስቅ ሰማችው። ከዚያ ዝም አለ። ሥራ የያዘ መሰላት።

ሳጥኑ ውስጥ ለሰኻኑ ሁለት ለየብቻ የቆሙ ብሬከሮች ነበሩ። ጥንዱ ሲበላሽ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ሁለት ነጠላ አስገብቶበት ሄዷል። ሰኻን የሚለው ወረቀት የተለጠፈው በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። ከማል አንደኛውን ሽቦ ሞክሯል፤ ጨለማ ነበር። ሰኻኑ ውስጡ ስለተቃጠለ ከወዲያኛው ሽቦ ወደዚህኛው የሚሻገር ነገር አልነበረም። ቴስተሩን ወደ ኪሱ መልሶታል፤ እዚያ ነው ያገኘነው። ሁለተኛውን ሽቦ፣ በአገሩ የሚተኛውን፣ በጣቱ ያዘው። ወለሉ እርጥብ ነበር። ቤቱ ወደ መሬት የሚወርድ የኧርዝ ሽቦ አልነበረውም፤ ዛሬ በአዳዲሶቹ ቤቶች የሚገባው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያመልጥ በቅጽበት የሚያጠፋው ብሬከርም አልነበረውም። አደራችሁን፣ ቤታችሁ እነዚህ ሁለቱ መኖራቸውን አስመርምሩ።

ከማል በሐረም ተሰግዶበት መካ ተቀበረ። ሰው «ታድሎ» አለ። እናቱን ማርዳት ግን ነበረ። እኛ አገር ሞት በስልክ አይረዳም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤተ ዘመድ ዙሪያዋን ይዟት ነው። የሰፈራቸውን ሼኽ አፈላልጌ ደወልኩላቸውና ሰዎች ይዘው ሄዱ። ስልኩን ሳይዘጉት ቀርተው ጩኸቷን ከዚህ ሰማሁት። እስካሁን እሰማዋለሁ።

ዓም ያሲን ከቀብሩ ሲመለሱ የሥራ ቦርሳቸውን ቤታቸው አልጋ ሥር ከተው በዚያው ተዉት። «ያስተማርኩት ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ አምፖል እንኳ ሲቀይሩ አላየኋቸውም።

እኔም ከአራት ቀን በኋላ አንድ ሱቅ ሶኬት ልቀይር ሄድኩ። አጠፋሁ፣ ሞከርኩ፣ ደግሜ ሞከርኩ። እጄ ወደ ሽቦው አልሄድ አለ። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ባለሱቁ «ወባ አለብህ እንዴ?» አለኝ። አቡ ሳሊም ለጥቂት ቀን ታገሠኝ፤ ቀጥሎ «ኻላስ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ» አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ እሱም ሌሊት እንደማይተኛ ሰምቻለሁ። ጅዳ አል-ባላድ ገብቼ ጨርቅ የሚሸጥ የአንድ የየመን ሰው ሱቅ ውስጥ ጥቅልል ተሸካሚ ሆንኩ። ደግ ሰው ነበር፤ «ሰይድ፣ ትንሽ ተቀመጥ» ማለት ያውቃል። ግን ሙያ ያለው ሰው ሸክም ሲሸከም የሚከብደው ጥቅልሉ አይደለም። ኤሌክትሪክ ባልሠራ አገር ቤት ላሉት ልጆቼ ምን ልሆናቸው ነው? ብቻዬን ስሆን የምጠይቀው ይህን ነበር።

በየጁምዓው ዓም ያሲንን ልጠይቅ መካ እወጣ ነበር። ባለቤታቸው ሐጃ ሩቅያ የአገራችን ሴቶች ዕረፍት ሲያገኙ የሚሰበሰቡባቸው እናት ነበሩ። አንድ ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዓም ያሲን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ሐጃ ሩቅያ አንዲት ቀጭን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠዋል።

«ጋሼ ሰይድ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ ልጅቱ።

«ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«የከማል ጓደኛ?»

«ነኝ።»

ሐጃ ሩቅያ ጉልበቷን ነካ አደረጓት፤ «ተናገሪ እንጂ ልጄ። ለዚህ አይደል ማዳምሽን ለምነሽ የመጣሽው?»

«እዚያ ቤት የምሠራው እኔ ነኝ» አለች። «ጋሼ፣ ወላሂ አጥፍቼዋለሁ። ግን ማዳም ‹አላጠፋሽም፣ አንቺ ነሽ የገደልሽው› ትለኛለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትናገራለች። እሷ ስትደጋግመው እኔም ጣቴን ማመን አቃተኝ። ምድጃ አጥፍቼ እመለሳለሁ፤ ደግሜ እመለሳለሁ። የክፍሌን መብራት አልነካውም፤ መግሪብን በጨለማ ነው የምሰግደው። እናቱ አለች አሉኝ። እሷ ሳታውቀኝ በየሶላቷ ትረግመኝ ይሆናል። ንገሩኝ፤ እኔ ነኝ ወይ የገደልኩት?»

«አይደለሽም» አልኳት። ስለ ሁለቱ ሽቦዎች ነገርኳት፤ ብሬከሮቹም ለየብቻ የቆሙ መሆን አለባቸው አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና «ሊያጽናኑኝ ነው» አለች።

«እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው ያሳዩኝ። ሰኻኑ እንዳለ ነው። ማዳም የሚሠራላት እየፈለገች ነው፤ ሰው ሞቶበታል ሲባል የመጣው ሁሉ ይሸሻል።»

እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ወሬውን ሲሰማ ገና መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። «ይኸው፣ እምቢ ብሎኛል።»

አየችው። የእሷንም ዘረጋችው። «የኔም እምቢ ብሎኛል። እንግዲህ ሁለት እምቢተኛ ይዘን እንሂዳ» አለች።

ዓም ያሲን የተኙ መስሎን ነበር። ፊታቸውን ሳያዞሩ «ሂድ ያ ሰይድ» አሉኝ። «እኔ እዚያ ደጅ መቆም አልችልም። አንተ ግን ሂድላት።»

ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ የቤቱ ወጣት ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም። ሰኻኑን ለመሥራት አስቀድሜ የብሬከሮቹን ሳጥን በዓይኔ ማየት አለብኝ፣ አለዚያ አልሠራም አልኩት። ገብቶ እናቱን አነጋገረ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ማዳም ራሷ ተከናንባ ወጥታ የመተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆመች፤ ልጇ መሀል ቆመ፤ እኔ ገባሁ። ያ ቤት ለእኔ ብሎ ደንቡን ያላላው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅቱን «ያን ቀን ያደረግሽውን አድርጊ» አልኳት። ፊደሉን በጣቷ ተከትላ ሰኻን የሚለውን አገኘች። ጣቷ ብሬከሩ ላይ ቆመ። «ቢስሚላህ» ብላ አወረደችው።

ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ሞከርኩ፤ በራ። ወደ ሰኻኑ የሚሄደውን አንደኛውን ሽቦ ነካሁ፤ ጨለማ። ሁለተኛውን ነካሁ። ትንሿ ቀይ መብራት ቦግ አለች።

ማዳም ቀረብ አለች። «ይኼኛው ለምን ይበራል? አጥፍታዋለች አይደል?»

«አጥፍታዋለች፣ እመቤቴ። ያን ቀንም አጥፍታው ነበር። ያልጠፋው ይኼኛው ነው፤ ስሙ አልተጻፈበትም። እሷም ልታውቀው አትችልም፤ ማንም አልነገራትም።»

ማዳም ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ሳሚሒኒ ያ ቢንቲ» አለች፤ ይቅር በይኝ ልጄ ማለቷ ነው። ልጅቱ የምታየው ቀይዋን መብራት ነበር። ከዚያ «ወንድሜ! ወንድሜን!» ብላ ጮኸች፤ እንደ አገራችን፣ ደረቷን ይዛ። እስከዚያ ቀን ለከማል አላለቀሰችም ነበር። ገዳይ ለሟች ማልቀስ የሚፈቀድለት አልመሰላትም ነበር።

እኛም አብረናት አለቀስን፤ ማዳምም፣ ልጇም።

ሥራው ግን ገና ይጠብቀኝ ነበር። ጥንዱን ብሬከር ገዝቼ አስገባሁ፤ ኧርዝ ከጓሮ ጎተትኩ። ይህን ሁሉ የቤቱ ዋና ማጥፊያ ጠፍቶ ሠራሁት፤ እጄም እንደምንም ታዘዘኝ። የቀረው መታጠቢያ ቤቱ ነው። ቤቱ በሙቀት ግሎ አንድ ሕፃን ስላለቀሰ ዋናው ተመልሶ በርቶ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ብሬከር ብቻ ጠፍቶ ልሠራ ነው። ከማል የቆመበት ወለል ላይ ቆምኩ። በሩ ተዘጋ። ልጅቱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ።

«አጥፊው» አልኳት። ድምፄን ራሴው አላወቅኩትም።

አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሽቦዎቹን አየኋቸው። ትቼ ልወጣ በሩን ያዝኩ።

«ጠፍቷል፣ ጋሼ» አለች ከወዲያ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «ግን እኔን እንዳያምኑኝ። ሁለቱንም ይሞክሩ። ደግመው ይሞክሩ። እስኪጨርሱ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ እጄን ብሬከሩ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።»

ሁለቱንም ሞከርኩ። ደግሜ ሞከርኩ። ጨለማ ነበሩ። እጄን ሰደድኩ።

ሰኻኑን እስክጨርስ ከወዲያ ሆና «እዚህ ነኝ» ትለኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እዚህ ነኝ፣ ጋሼ።» በወጣሁ ጊዜ ሸሚዜ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ሙያ ኖርኩ። ልጆቼ በሱ አደጉ። ዓም ያሲን ቦርሳቸውን ሳያወጡ ሞቱ፤ ያን ቀን ገብቼ የሆነውን ስነግራቸው ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቱ ዳነች» ብለው ነበር። ከማል አልተመለሰም። ሁለት ነጠላ ብሬከር ባየሁ ቁጥር ሳቁ ከበሩ ወዲያ ይሰማኛል፤ እስከ መጨረሻዋ የሥራ ቀኔም አልለመድኩትም።

እናቱ ልጅቱን አገናኙኝ ብላ ለመነች። በሐጃ ሩቅያ ስልክ አገናኘናቸው። እኔ የሰማሁት በልጅቱ በኩል ያለውን ብቻ ነው። «እማማ፣ ወተት ስጪኝ እያለ እያሳቀኝ ነበር» አለቻት። ከዚያ ደጋግማ «አሚን» አለች። ስልኩ ተዘግቶ ስጠይቃት፣ እናቲቱ «ወተትማ ይወድ ነበር» ብላ ከዚያ በኋላ ብዙ ዱዓ እንዳደረገችላት ነገረችኝ።

ልጅቱ ኮንትራቷ ሲያልቅ አገሯ ገባች። ስልኳ ተቀየረ፤ ፈለግኩ፣ አላገኘኋትም። በሕይወት ካለች አሁን የልጆች እናት ናት፤ ይህን የሚያነብ የከሚሴ ሰው ካለ ሰላምታዬን ያድርስልኝ። እጄን የመለሰችልኝ እሷ ናት። ጦይባ ትባላለች፤ ጦይባ እንድሪስ።